ተማሪ በምን ይመጣል?

እህቶቼ፣ ዮጋም ሆነ ሥዕል የምታስተምሩ ሁሌ የምትጠይቁኝ «ተማሪ ከየት ላምጣ?» ብላችሁ ነው።

መጀመሪያ፣ «ዮጋ አስተምራለሁ» ብቻ አትበሉ። ስትጠርግና ስትተኩስ ለዋለች ሴት «ወገብሽን የምታፍታቺበት አንድ ሰዓት» ብትሏት ቶሎ ይገባታል። ግን «ከሕመምሽ አድንሻለሁ» እንዳትሏት፤ የሚያማትን ወደ ሐኪም ላኳት።

የመጀመሪያውን ቀን በነጻ አስተምሩ፤ ከዚያ ዋጋችሁን ሳታፍሩ ተናገሩ። ጓደኛዋን ይዛ ለመጣች አንድ ቀን በነጻ ጨምሩላት። እሑድ መውጣት ለማትችለው ደግሞ ማታ በዋትስአፕ 15 ደቂቃ ይበቃታል።

አሁን ዋናው ነገር። እዚህ ሊባኖስ በከፋላ ወረቀታችን ከአሠሪያችን ጋር የታሰረ ነው፤ በጎን ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ሊያሳስር፣ ሊያስጠርዝም ይችላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት መጥታችሁ አማክሩን። ቲክቶክ ላይ ፊታችሁን፣ ስልካችሁንና የምታስተምሩበትን ቤት አትልቀቁ። የተማሪያችሁንም ፎቶ ሳትጠይቋት አትለጥፉ፤ ማዳሟ ካየችው ያቺኑ እሑዷን ልትከለክላት ትችላለች።

ተማሪ ምስጢሯን የጠበቀችላትን አስተማሪ ለጓደኛዋ ትናገራለች። ከዚያ የበለጠ ማስታወቂያ የለም።