ስለ ምሥጢር ማኅበርና ስለ ዕድራችን
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ነገር ተነስቶ ሳይቋጭ መቅረቱ ይታወሳል። የአንዲት አባላችን ልጅ «ሀብት የሚሰጥ የምሥጢር ወንድማማችነት አለ» ተብሎ በስልክ ተነግሮት፣ መመዝገቢያ ብሎ ገንዘብ ልኮ ተገኘ። ከፊሎቻችን «ከነቤተሰቡ ይሰረዝ፣ ጥሩምባም አይነፋላቸው» አልን፤ ከፊሎቻችን ደግሞ «ቆይ እስቲ፣ ይጣራ» አልን። የአርጆ ሰው መቼም ሳያጣራ አይፈርድምና ካህናቱንም የመካነ ኢየሱስ ቄሶችንም ጠይቀን፣ ያገኘነውንም አንብበን ቀርበናል። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልጁን ያታለሉት ሰዎች «ኢሉሚናቲ ነን» ብለውታል። በዚህ ስም የተጠራውን ማኅበር በጀርመን አገር፣ በባቫርያ፣ አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል የሕግ መምህር በ1776 አቋቋመው፤ የአገሩ ገዢ በ1784 እና በ1785 ባወጣው ትእዛዝ አገደው፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። እንግዲህ ከጠፋ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ማኅበር ዛሬ አርጆ ድረስ ደውሎ መመዝገቢያ ይጠይቃል ማለት ነው! ይኼ ሌብነት ነው እንጂ ማኅበር አይደለም።

በእርግጥ ያለው ፍሪሜሶን የሚባለው ነው። አባሎቹ «እኛ ሃይማኖት አይደለንም፣ በጎ አድራጎት ነው የምንሠራው» ይላሉ፤ ለችግረኛ የሚያወጡት ገንዘብ መኖሩንም መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 12ኛ በ1738 ካቶሊክ ሁሉ እንዳይገባበት አወገዙ። ቫቲካን በ1983 ክልከላው እንዳልተነሣ አስታወቀ፤ በ2023ም ደግሞ አጸናው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ሲኖዶስም በ1933 ሥርዓቱ የጥንት አረማውያንን የምሥጢር አምልኮ ይመስላል ብሎ ከለከለ። የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች ግን ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በ1993 ለየአባሉ ኅሊና ተዉት።

ከክሱ ሁሉ እኛን የያዘን የመሐላው ነገር ነው። ገቢው ሰው ምን እንደሚነገረው ሳያውቅ ምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ አስቀድሞ ይምላል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 5 ሳያስተውል የማለውን ሰው በደለኛ ይለዋል፤ ጌታም በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መሐላን ይከለክላል። በእኛ አገር ደግሞ መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። በኦሮምኛ መሐላ «ካኩ» ነው፤ አዲስ ኪዳንም «ካኩ ሃራ» ነው የሚባለው። ታዲያ በዚያው ቃል ለማያውቁት ሰው እንዴት ይማላል?

ጳጳሱ ሃይማኖቱ የተለያየ ሰው አንድ ላይ መሰብሰቡንም እንደ ነቀፋ አንስተዋል። እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን፤ በዚህስ ከሆነ የእኛም ዕድር ሊነካ ነው። ኦርቶዶክሱ፣ መካነ ኢየሱሱ፣ እስላሙም አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። ነገር ግን ዕድር ማንንም አያስምልም፣ የራሱ ጸሎትም የለውም፤ ሁሉም በየሃይማኖቱ ይቀበራል። ደንባችን ተጽፎ ይነበባል፤ ሒሳባችንም በሸንጎ ይሰማል፣ የጎደለ ካለ ገንዘብ ያዡ በሁላችሁ ፊት ይጠየቃል። በጥሩምባ እየተጠራራን ደግሞ ምን ምሥጢር ይኖረናል!

ወደ ልጁ ጉዳይ ስንመለስ፣ ደንባችን አባል የሚሰረዝበትን ምክንያት ዘርዝሮታል፤ መዋጮ ማቋረጥና ከቀብር መቅረት ነው። ስለ እምነት ጥፋት አንድም መስመር የለበትም። የወላጅን ድንኳን በልጅ ጥፋት መከልከልማ ከየት የመጣ ነው? እናቲቱም መዋጮዋን እስከ ዛሬ አላጓደለችም። ስለዚህ የቤተሰቡ ስም በመዝገብ እንዲቆይ፣ የልጁም ነገር ለንስሐ አባቱ እንዲተው ሐሳብ እናቀርባለን። የደወሉለት ቁጥር ለፖሊስ ተሰጥቷል፤ ገንዘቡ ግን እስካሁን አልተመለሰም። እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው ሌላ ቤተሰብ ካለ ከስብሰባው በኋላ ቁጥሩን ለጸሐፊው ያስመዝግብ።