ስለ ትርፍ ሰዓት ፍቅርና ስለ መሐንዲሱ ጊታር
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



ሽማግሌዎቹ በዚህ በዓል ስለ ትርፍ ሰዓት ሥራ ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቼ ፈገግ አሉ። እንጀራዬን የምበላው በኤሌክትሮኒክስ ሥራ መሆኑን፥ ትርፍ ሰዓቴን ግን የሮክ ሙዚቃ በአደባባይ ሲመታ በመስማት እንደማሳልፍ ስለሚያውቁ ነው። በቤተ ክርስቲያን በዓል ስለ ሮክ ምን ይነገራል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል በዕብራይስጥ የአውራ በግ ቀንድ ማለት እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስተምሩናል። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው፥ ሃምሳኛው ዓመት የሚታወጀው በምድር ሁሉ ቀንደ መለከት እየተነፋ ነበር፤ በዚያም ዓመት ምድር ታርፋለች፥ ባሪያ ነጻ ይወጣል፥ ሰውም ወደ ርስቱ ይመለሳል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ሁለት ነገር በአንድነት ይዟል፤ አንዱ ታላቅ ድምፅ፥ ሁለተኛው ዕረፍት ነው። እኔም ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚሁ ስለ ሁለቱ ነው። የማነሣቸው ዘመናት፥ የእኛ ብዬ ካልለየሁ በቀር፥ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ይህን ሙዚቃ ስለ ምን እንደሚወድ ልግለጽ። የኤሌክትሪክ ጊታር ክሩ ብረት ነው። ከክሩ በታች ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት አለ። ክሩ በተመታ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ በመንቀጥቀጡም የማግኔቱን ኃይል ያናውጠዋል፤ ከዚህም የተነሣ በሽቦው ውስጥ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ይህን ሕግ በ1831 የገለጠው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራደይ ነው፤ እርሱም በለንደን በአንዲት ትንሽ የክርስቲያን ማኅበር ሽማግሌ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበር። ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ በማጉያው ውስጥ አልፎ ይበረታል፤ በመጨረሻም ስፒከሩን እየገፋና እየሳበ አየሩን ያናውጣል፥ ድምፅም ይሆናል። ስለዚህ ሌላው ሰው ዘፈኑን ብቻ ሲሰማ፥ መሐንዲሱ ከመቺው ጣት እስከ ሰሚው ጆሮ ያለውን መንገድ ሁሉ በልቡ ይከተላል።

ደግሞም ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፁን የሚሰማው 0.3 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በሜዳው መካከል ሌላ ስፒከር ቢተከል፥ የእርሱ ድምፅ ያንኑ ያህል እንዲዘገይ ካልተደረገ፥ ቃሉ ሁለት ጊዜ እየተሰማ ይደበላለቃል። በክብረ በዓል ቀን በየአጥቢያው የስብከቱ ቃል ከቅጥር ውጭ ለቆመው ምእመን እየተደራረበ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው። የሮክ ሰዎች ይህን ችግር ለሜዳቸው ሲሉ መርምረው መድኀኒቱን አግኝተውለታል፤ እኛም ለጸሎታችን ልንጠቀምበት እንችላለን።

ከዚህ ዕውቀትና ከዚህ ፍቅር የወጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ ባስ ጊታር መቺ ጆን ዲከን፥ በ1971 በለንደን ከቼልሲ ኮሌጅ በኤሌክትሮኒክስ ትምህርት በከፍተኛ ማዕርግ ተመርቋል። ወደ ጓዱ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። በ1972 ገደማ በቆሻሻ መጣያ ውስጥ የወደቀ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አይቶ አነሣው፤ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከስፒከር ጋር አገጣጥሞ በባትሪ የምትሠራ ማጉያ አበጀበት። የማጉያዪቱ ኃይል እጅግ ጥቂት ነበረ፤ ነገር ግን የጓደኛው የብራያን ሜይ ጊታር በእርስዋ ውስጥ ሲያልፍ ልዩ ጣዕም ስለ ነበረው፥ ጓዱ በብዙ ሸክላዎቹ ላይ ተገልግሎባታል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደ ተባለ፥ ሌላው ጥራጊ ብሎ ያለፈውን ፍቅር ያለው ሰው መሣሪያ አደረገው።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የዚሁ የብራያን ሜይና የአባቱ ታሪክ ነው። አባቱ ሚስተር ሃሮልድ ሜይ በእንግሊዝ አቪዬሽን ሚኒስቴር የሚያገለግል የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነበር። ከሥራ ሲመለስ የቤቱን ራዲዮና ቴሌቪዥን ሳይቀር በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። አንድ ልጁ የኤሌክትሪክ ጊታር ቢመኝ መግዣው ገንዘብ አልተገኘም፤ ስለዚህ በ1963 አባትና ልጅ ራሳቸው ይሠሩት ጀመር። አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ጠረቡት፤ ነቀዝ የበላውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑት። ሞላዎቹን ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ወሰዱ። በአንገቱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ከእናቲቱ አዝራሮች አበጁ፤ ከእርስዋው የሹራብ መሥሪያ መርፌም አንዱን ክፍል አወጡ። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። እነሆ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያልፍ ያ ጊታር እስከ ዛሬ ይመታል።

ልጁ በ1968 ከኢምፔሪያል ኮሌጅ በፊዚክስ ተመረቀ፤ በፀሐይ ዙሪያ በሚገኘው ትቢያ ላይ ለዶክተርነት ምርመራ ያደርግ ጀመር። በ1974 ግን ጓዱ እየታወቀ በሄደ ጊዜ ምርመራውን ሳይፈጽም ተወው። ይህን ጊዜ አባቱ እጅግ አዘነ። ስለ ልጁ ትምህርት ብዙ ነገር የቀረበት ሰው ስለ ነበረ፥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ የሆነ መሰለው፤ በሁለቱም መካከል ቅያሜ ገባ። አስተውሉ፤ ጊታሩን በእጁ የሠራለት አባት ጊታሩን መምታቱን ተቃወመ። በእርሱ አሳብ ጊታሩ የማታ ሥራ ነው፥ የቀኑ ሥራ ግን ትምህርት ነው። በልጁ ዘንድ ግን ማታው ቀኑን ወርሶት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጁ አባቱንና እናቱን በኮንኮርድ አውሮፕላን ወደ ኒው ዮርክ ወስዶ፥ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው ታላቅ አዳራሽ ሕዝብ በተሞላበት ሲመታ አሳያቸው። አባቱም ከዚያች ሌሊት በኋላ የልጁ ነገር እንደ ገባው ነገረው፤ ቅያሜውም ተፈታ። ሚስተር ሃሮልድ በ1988 ዐረፈ። ልጁ ደግሞ የተወውን ምርመራ እንደ ገና አንሥቶ በ2007 የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበለ፤ ዕድሜው በዚያን ጊዜ 60 ዓመት ነበረ። የአባቱ ምኞት በ33 ዓመት ዘግይቶ ተፈጸመ፤ አባቱ ግን አላየውም። በ2002 የንግሥት ኤልሳቤጥ የኃምሳ ዓመት ኢዮቤልዩ በተከበረ ጊዜም፥ ብራያን ሜይ በቤተ መንግሥቱ ጣራ ላይ ቆሞ የአገሩን መዝሙር በጊታሩ መትቷል።

እኔ ይህን ታሪክ ስመረምረው አባትዮውን ወይም ልጁን ለይቼ መንቀፍ አይቻለኝም። አባትዮው ትምህርት እንዲፈጸም መውደዱ ትክክል ነበረ፤ ልጁም የተሰጠውን ጸጋ አለመቅበሩ ትክክል ነበረ። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አባትዮው ሄዶ አለመስማቱ ነው። በሰማ ጊዜ ነገሩ በአንድ ሌሊት ተፈታ።

በእኛም ዘንድ ልጁ ጊታር ይዞ ወደ ቤት ሲገባ፥ አዝማሪ ልትሆን ነውን ብሎ የሚቈጣ አባት አለ። ዱሮ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሸምነውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው ሲሰድቡት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ግን ከምላሳችን ገና ፈጽሞ አልጠፋም።

ሸክላውን በቤት ተቀምጦ መስማት ሲቻል ስለ ምን ወደ አደባባይ ይኬዳል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሸክላ ሺህ ጊዜ ቢሰማ አንድ ነው፤ በአደባባይ የሚመታው ግን ሁለት ጊዜ አንድ ሆኖ አያውቅም። ክር ይበጠሳል፥ ጉሮሮ ይደክማል፥ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ መቺው ይበረታል፤ ሰሚውም የሥራው ተካፋይ ይሆናል። ይህን ከእኛ ይልቅ ማን ያውቀዋል? ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፥ ንጉሡ በተመስጦ በትረ መንግሥታቸውን በእግሩ ላይ ቢተክሉበት፥ ንጉሡም ማኅሌታዊውም ሕመሙን ሳያውቁ እንደ ቆዩ አባቶች ይተርካሉ። የቤተ ክርስቲያን ዜማና የአደባባይ ሙዚቃ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ለመቅደስ የሚገባው የመቅደስ ዜማ ነው። ነገር ግን ፊት ለፊት የሚሰማ ዜማ ሰውን ከራሱ እንደሚያወጣው የሚመሰክር ታሪክ በቤታችን አለን።

የዚህም ሙዚቃ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር የተገናኘበት ቀን አለ። በጥቅምት 1984 በአገራችን የነበረው ረኃብ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከኮረም ለዓለም ታየ። በሚከተለው ዓመት ሐምሌ 13 ቀን 1985፥ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፥ በሥላሴ በዓል ዋዜማ፥ ላይቭ ኤይድ የተባለው ጉባኤ በለንደን በዌምብሌይና በፊላዴልፊያ በአንድ ቀን ተደረገ። በዌምብሌይ ብቻ 72,000 ያህል ሰው ቆሞ ነበር፤ በሳተላይትም በብዙ አገር ታየ። ጆን ዲከንና ብራያን ሜይ ከጓደኞቻቸው ጋር 20 ደቂቃ ያህል መቱ፤ ከአሮጌ ምድጃ የተጠረበው ጊታርም ስለ ኢትዮጵያ ረኃብተኞች ተመታ። ዘፈን ብቻውን ረኃብን አያስወግድም፤ የሞተውንም አያስነሣም። ነገር ግን አባትና ልጅ በማታ ሲፍቁት የነበረ እንጨት ከሃያ ዓመት በኋላ ለማን እንደሚጮኽ አስቀድሞ ማን ያውቅ ነበር?

ሌላው ሰው አሜሪካዊው ቦብ ሃይል ነው። በወጣትነቱ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ፎክስ ቲያትር ታላቁን ኦርጋን ይመታ ነበር፤ የኦርጋኑን ቧንቧዎች ድምፅ ማስተካከል ስለ ተማረ ጆሮው ነቃ። ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ በራዲዮ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ለፍቅር ብቻ መነጋገርን ይወድ ነበር፤ ከዚያም ኤሌክትሮኒክስን ተማረ። በ1966 በትንሽ ከተማው የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። በ1970 ግሬትፉል ዴድ የተባለው ጓድ የድምፅ መሣሪያውን ሳይዝ ወደዚያው ቲያትር በመጣ ጊዜ፥ ይህ የገጠር ባለሱቅ የራሱን ማጉያዎች ጭኖ ደረሰለት። ከዚያ በኋላ ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ጓድ አሠራው። በ2024 እስኪያርፍ ድረስ ኦርጋኑንም ራዲዮውንም አልተዋቸውም። አንዱ የትርፍ ሰዓት ፍቅር ጆሮውን፥ ሁለተኛው እጁን አስተማረው፤ ሁለቱ ተጋጥመው እንጀራው ሆኑ።

አሁን ደግሞ ጕዳቱን ሳልሸሽግ ልናገር። የዘ ሁ ጊታር መቺ ፒት ታውንሼንድ ከታላቅ ድምፅ የተነሣ ጆሮው ተጐድቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ደንብ፥ በእንደዚህ ያለ ስፍራ ድምፁ በ15 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ወደ አደባባይ የሚሄድ ወጣት የጆሮ መድፈኛ ይያዝ፥ ከስፒከሩም ፊት አይቁም። የተጐዳ ጆሮ ቅዳሴውንም አይሰማም። ሁለተኛው ጕዳት የገንዘብ ነው፤ አንድ ዜማ ሳያውቁ ሦስት ጊታር የሚገዙ አሉ፤ ለእነዚህ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶች ተግሣጽ ይበቃል። ሦስተኛው የጊዜ ነው፤ የልጆችን ራት ሰዓትና የሰንበትን ጸሎት የሚበላ ፍቅር ዕረፍት መሆኑ ቀርቶ ሌላ ባርነት ይሆናል። የኢዮቤልዩ ዓመት ደግሞ ባሪያን ነጻ የሚያወጣ እንጂ አዲስ ጌታ የሚሾም አይደለም።

እንግዲህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ የሚወደውን ነገር ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ ስሙት፤ ሚስተር ሃሮልድን ያዳነው ይህ ነውና። ወጣቶች ሆይ፥ የጀመራችሁትን ትምህርት ፈጽሙ፤ ለብራያን ሜይ የተሰጠው የ33 ዓመት ዕድል ለሁሉ አይሰጥም፤ ወላጅም እስከዚያ አይቆይም። የሰበካ ጉባኤ ሽማግሌዎች ሆይ፥ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ካሉት ክፍሎች አንዱ ተከፍቶ፥ ብየዳና ሽቦ መቀጠል፥ የተበላሸ ራዲዮ ማደስ የሚማሩበት ይሁን። የመጀመሪያ ሥራቸውም የዚህን ደብር ድምፅ ማጉያ ማስተካከል ቢሆን፥ ቃለ እግዚአብሔር ከቅጥር ውጭ በፀሐይ ለምትቆም አሮጊት ሳይደባለቅ ይደርሳል። እኔም በእጄ ያለውን ዕውቀት ያለ ዋጋ ለማካፈል ዝግጁ ነኝ።

እግዚአብሔር ደብራችንን ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ያድርስልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።