ያገለገሉ ላፕቶፖች፣ ሊነክስና የኮምፒዩተር ጨዋታ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥገና አገልግሎት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቋረጠ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2018 ገደማ በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ባለ ኢንቴል ላፕቶፖች በይፋ አይቀበልም። ከዚህም የተነሣ ቁልፋቸው ያልላላ፣ ማጠፊያቸው ያልተሰበረ፣ ስክሪናቸው ያልደበዘዘ እጅግ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ጀምበር «ያረጁ» ተባሉ። በነበሩበት ዊንዶውስ 10 ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተያያዙ መቀጠላቸውም፣ የደኅንነት ማስተካከያ እስካላገኙ ድረስ፣ የማያስተማምን ነው።

ጉዳዩ ባለሙያውን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ንብረት ኃላፊም ሆነ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ወይም ለልጁ መሣሪያ ለመግዛት ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ወላጅ፣ «ይህ ይጣል ወይስ ይቆይ?» ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያውን ነው። መልሱ በግምት በተሰጠ ጊዜ ኪሣራው የጠያቂው ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ ያቀረበው ቲንክፓድ ኤክስ 220 ይወሰድ። ይህ መሣሪያ በጥቂት ብሎኖች የሚከፈት፣ ሜሞሪውም ሆነ ዲስኩ ያለ ልዩ መሣሪያ የሚለወጥ ነው። የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ወጥቶ ኤስኤስዲ ሲገባለት፣ ሜሞሪውም ወደ 8 ጊጋባይት ሲያድግ፣ ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥና ለኢንተርኔት ንባብ በሚገባ ያገለግላል። ዲስኩ ሲገዛ ውፍረቱ ከ7 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ መለካት ነው፤ ማስገቢያው ከዚህ የወፈረውን አይቀበልምና።

በዚህ ላይ የሚጫነው ሊነክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረ ሲሆን፣ በ1992 ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው በሚፈቅድ ፈቃድ ሥር ሆነ። እንግዲህ የአንድ ኩባንያ ውሳኔ ብቻውን ዕድሜውን አይቈርጠውም። ይህ ሲባል ግን ሊነክስ ማናቸውንም አሮጌ መሣሪያ ለዘለዓለም ይሸከማል ማለት አይደለም፤ ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለባለ 32 ቢት የፒሲ ፕሮሰሰሮች የሚሆን መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል። ኤክስ 220 ባለ 64 ቢት ስለሆነ ይህ አይነካውም። ከመጫኑ በፊት ሊነክስ ሚንትን፣ በተለይም ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ ገጽታ የያዘውን፣ ከፍላሽ አስነሥቶ ድምፁን፣ ዋይፋዩንና ክዳኑ ሲዘጋ ማንቀላፋቱን መሞከር ይቻላል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሥራ አይነካም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስለሚገኝ አማርኛ ለማንበብና ለመጻፍም ችግር የለበትም።

ስለ ጨዋታ ሲነሣ ፊቱን የሚያዞር ባለሙያ አይጠፋም። ሆኖም ያ ወላጅ መሣሪያውን ይዞ ቤቱ ሲገባ ልጁ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጨዋታ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራ ጨዋታ ሥዕሉን የሚያዝዘው ባብዛኛው ዳይሬክት ስሪዲ በተባለው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዋይን የዊንዶውስን ጥሪዎች ተቀብሎ በሊነክስ ያስፈጽማል፤ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን ደግሞ በዚሁ በዋይን ላይ ዲኤክስቪኬ የተባለውን አስተርጓሚ ጨምሮ የሥዕሉን ትእዛዝ ወደ ቩልካን ይመልሳል። ታዲያ የኤክስ 220 የሥዕል ክፍል፣ ኢንቴል ኤችዲ 3000፣ ቩልካንን ከቶ አያውቅም። ስለሆነም ዋናው የፕሮቶን መንገድ ለእርሱ ዝግ ነው፤ የሚቀረው በኦፕን ጂኤል በኩል የሚያልፈው የቀድሞው መንገድ ሲሆን፣ ይህም ለቆዩ ጨዋታዎች እንጂ ለዘመኑ ትልልቅ ጨዋታዎች አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በወጡት ስድስተኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ቩልካን በሚገባ ይሠራል። ስለዚህ ጨዋታን የሚያስብ ገዢ በዋጋ ጥቂት ጨምሮ ወደዚያ ቢሄድ ይሻለዋል።

በኤክስ 220 ላይ የሚቀረው ግን ጥቂት አይደለም። ባትል ፎር ዌስኖዝና ኦፕን ቲቲዲ የመሳሰሉት ነፃ ጨዋታዎች ያለ ማስተርጐም ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዱም ኮዱ በ1997 ለሕዝብ ስለተለቀቀ ዛሬም በሊነክስ ይጫወቱታል፤ ሥዕሎቹና ድምፆቹ ግን አሁንም የባለቤቱ ንብረት ናቸው። በእነርሱ ፈንታ ፍሪዱም የተባለው ነፃ ስብስብ ይገኛል።

በአንጻሩ ፎርትናይትና ቫሎራንት፣ መሣሪያው አዲስም ቢሆን፣ በሊነክስ ላይ አይሠሩም፤ አጭበርባሪን የሚከላከሉባቸው ፕሮግራሞች ይህን አይፈቅዱምና። ይህ ለልጁም ለወላጁም ሊነገር የሚገባው ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ነው።

ገዢው ከሻጩ ዘንድ ሳለ አንድ ነገር ሊያደርግ ይገባል። መሣሪያውን አጥፍቶ እንደገና በማስነሣት ኤፍ 1ን ተጭኖ ወደ ባዮስ ይግባ። የባዮስ የበላይ የይለፍ ቃል የሚጠየቅ ከሆነና ሻጩ የማያውቀው ከሆነ መሣሪያውን ትቶ ቢሄድ ይሻላል፤ በኤክስ 220 ላይ ይህ የይለፍ ቃል የሰሌዳውን ትንሽ ባትሪ በማውጣት አይጠፋም።