ለብርድ ሌሊት የሚሆን ትኩስ መጠጥ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን አንድ ብርጭቆ ትኩስ መጠጥ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ደብረ ብርሃን ለምንኖር ሴቶች ግን ትንሽ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል። ደመና ስለሌለ ምድር ቀን ያጠራቀመችው ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ይወጣና ያልቃል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ እናገኛለን። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም በዚህ ብርድ ምክንያት ነው። አጥንቱን ግን ሁሉም አያገኘውም። ዘበኛው፣ መናኸሪያ ሆና ንጋትን የምትጠብቀው መንገደኛ፣ ሲያጠና የሚያመሸው ተማሪ በትንሽ ገንዘብ የሚያሞቃቸው ነገር ይፈልጋሉ። ይህን ልናቀርብላቸው የምንችለው እኛ ነን።

በከተማችን ብርድ ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበው አረቄ ነው። አረቄ የሚያወጡትን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ጌሾ ወቅጠው፣ ብቅል አብቅለው፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያቃጠለው ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች መካከላችን ተቀምጠዋል። እንጀራቸው ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን «አረቄ ያሞቃል» የሚለውን ማረም አለብን። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። የሞቀው ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ ፊት ይግላል፣ ሰውየውም የሞቀው ይመስለዋል። በዚያው ሰዓት ግን ሙቀቱ ከሰውነቱ እየወጣ ነው። ብርዱንም በደንብ እንዳያስተውል ያደርገዋል። ደጅ ለሚያድር ሰው ይህ አደጋ ነው።

ስለዚህ በምንሸጠው ትኩስ መጠጥ ውስጥ አረቄ አንጨምርም። «ትንሽ ጠብ አድርጊልኝ፣ እከፍላለሁ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። «ወንድሜ፣ ከዚህ ፔርሙዝ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሾፌሩም ተማሪውም የሚጠጣው አንድ ነው» ብለን በፈገግታ እንመልስለት። ወተት ስለሌለበት በነቢያት ጾምም ገበያው አይቆምም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ጭማቂ ቤቶች ድብልቁን ስፕሪስ ይሉታል፤ ይህ ደግሞ የእኛ ትኩስ ስፕሪስ ይሁን። 2 ሊትር ንጹሕ ውሃ ክዳን ባለው ድስት እንጥዳለን። አውራ ጣት የሚያህሉ 2 ራስ ዝንጅብል በደንብ ታጥበው ይጨቀጨቃሉ። 1 እንጨት ቀረፋ፣ 5 ወይም 6 ፍሬ ቅርንፉድ፣ ከ3 ኮረሪማ የወጣ ፍሬ ሸክሸክ ተደርጎ ይጨመራል። ይህን ሁሉ ለ15 ደቂቃ ያህል በዝግታ እናፈላዋለን። ከዚያ ከእሳቱ እናወርድና አንድ ትንሽ እፍኝ የደረቀ ጦስኝ ጨምረን ለ5 ደቂቃ ያህል ከድነን እንተወዋለን። አጥልለን ወደ ፔርሙዝ እንገለብጣለን። ማሩና ሎሚው የሚጨመሩት በመጨረሻ፣ በየብርጭቆው ነው፤ 1 የሻይ ማንኪያ ማርና ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይበቃል።

ጦስኙ ለምን አብሮ አይፈላም? ሥርና ቅርፊት መፍላት ይወዳል፤ ቅጠል ግን መዘፍዘፍ ይበቃዋል። የጦስኝ መዓዛ ያለው ቅጠሉ ውስጥ ባለው ዘይት ነው። ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚበን፣ ክፍት ድስት ላይ ብናንተከትከው ሽታው ለጎረቤት፣ ምሬቱ ለእኛ ይቀራል።

ጦስኙ የሚመጣልን ከመንዝና ከጣርማበር ደጋ ነው። ስንገዛ ከነሥሩ የተነቀለውን አንቀበል። ከላይ በማጭድ የተቆረጠው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የተነቀለው ግን ለከርሞ የለም። እኛ የተነቀለውን እምቢ ካልን ለቃሚውም ማጭድ መያዙ አይቀርም።

ቀጥሎ የምንለው ከአሠራሩም የሚበልጥ ነው። የምንሸጠው መጠጥ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ሙቀቱ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ዝንጅብሉና ማሩ ሳል የያዘውን ሰው ያቀልሉለታል፤ ይህን ማለት እንችላለን። «የደም ግፊት ያድናል፣ ክኒኑን ተወው» ማለት ግን አንችልም። በእንዲህ ያለ ቃል ሰው ሊሞት ይችላል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ደንበኛ ስናይ «ጤና ጣቢያ ሄደህ የሳንባ ነቀርሳ ተመርመር» እንበለው። አንድ ብርጭቆ ባንሸጥለትም ሰው አትርፈናል።

ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ለትልቅ ሰው የማይከብድ በማር ውስጥ ያለ ተህዋስ ሕፃኑን በጽኑ ሊያሳምመው ይችላል። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ቅጠል ቢሆንም፣ በብዛት ሲፈላ ለነፍሰ ጡር አይሆንምና ፔርሙዛችን ውስጥ አናስገባውም።

አንድ ነገር ቀረን፤ ከሰል። ቤቱ እንዲሞቅ ብሎ የከሰል ምድጃ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት የስንት ቤተሰብ ሕይወት እንደቀጠፈ ሁላችንም እንሰማለን። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አልጠፋም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ስለዚህ መጠጡን የምናፈላው ደጅ ወይም ግራና ቀኙ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ነው። ገበያ ስንጨርስ እሳቱን በውሃ አጥፍተን ምድጃውን እዚያው ደጅ እንተወው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ ቶሎ ወደ አየር እናውጣው፤ ወደ ጤና ተቋምም እናድርሰው። ለሰው ሙቀት ስንሸጥ የራሳችንን ልጆች አናስቀድም ወይ?

ሒሳቡንም አንርሳ። የማሩን፣ የቅመሙን፣ የከሰሉንና የውሃውን ወጪ እንጽፋለን፤ የሌሊት ድካማችንንም ዋጋ እንሰጠዋለን። ድምሩን ለብርጭቆዎቹ ቁጥር እናካፍላለን። 2 ሊትር ውሃ 12 የሻይ ብርጭቆ ገደማ ይወጣዋል። ድካማችንን ሳንቆጥር ከሸጥን ግን ከስረን እያለ ያተረፍን ይመስለናል።

ውድ አጋሮቻችን፣ እናንተን የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሙቀት የሚይዝ ፔርሙዝ፣ ክዳን ያለው ድስት፣ ዝናብና ንፋስ የሚከልል ግን አየር የሚያስገባ ዳስ ነው። ዳሱ ካለ እናት ምድጃዋን ወደ መኝታ ቤቷ አታስገባም። ቅመሙን፣ ሙያውንና ጉልበቱን እኛ እናመጣለን። አረቄ ከማውጣት ወደዚህ ሥራ መዞር የምትፈልግ እህት ካለች ደግሞ በማኅበራችን የቁጠባ ብድር ቀዳሚ ትሁን የሚለውን ሐሳብ ዛሬ ለውይይት አቅርበናል፤ ተወያይታችሁ ወስኑበት።

ብርዱን በሰላም ያሻግረን።