የማገዶ ክብደትና የማገዶ ሙቀት
(ቡታጅራ ላይ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር)



የነዳጆችን ባሕርይ ስናጠና ከቤንዚንና ከናፍጣ መጀመር ለምደናል። በቡታጅራና በአካባቢዋ ግን ቆጮው የሚጋገረው፣ ጎመኑም የሚቀቀለው በአብዛኛው በእንጨት ነውና፣ ዛሬ ከባሕር ዛፍ ማገዶ እንነሣ።

10 ኪሎ እርጥብ ማገዶ እንውሰድ፤ ግማሹ ውኃ ነው እንበል። የቀረው 5 ኪሎ ደረቅ እንጨት በኪሎ 18 ሜጋጁል ገደማ ስለሚሰጥ፣ በድምሩ 90 ሜጋጁል ይይዛል። ውኃውን ለማትነን ግን በኪሎ 2.4 ሜጋጁል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 12ቱ በእንፋሎት ይሄዳል፣ 78 ይተርፋል። ይኸው ማገዶ ደርቆ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ ክብደቱ 6.25 ኪሎ ብቻ ይሆናል፤ የሚተርፈው ሙቀት ግን 87 ሜጋጁል ነው። ሸክሙ ቀለለ፣ ሙቀቱ ጨመረ።

የእርጥበት ትልቁ ጉዳት በዚህ ስሌት አይታይም። ውኃው እሳቱን ስለሚያቀዘቅዘው፣ ከእንጨቱ የሚወጡት ጋዞች በቅጡ ሳይነዱ ያመልጣሉ። ጢስ በአመዛኙ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ምድጃው ያልተጠቀመበትን እናቶቻችን በሳንባቸው ይቀበሉታል።

ከሰልስ? በኪሎ 30 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል፤ ጢሱም ያንሳል። ይሁንና በአፈር በተዳፈነ ባህላዊ ክምር ሲከሰል፣ ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ገበያ ሳይደርስ ይጠፋል። ጢስ ማነሱም ዋስትና አይሆንም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም።

ማገዶን ለማድረቅ ፋብሪካ አያሻም፤ ፈልጦ፣ ከዝናብ ከልሎ፣ ነፋስ እንዲያገኘው አድርጎ መደርደር ይበቃል። የምድጃ ንድፍ የምትሠሩ ተማሪዎችም አስቀድማችሁ ማገዶውን መዝኑ፤ አድርቃችሁም ደግማችሁ መዝኑ።