የተሰበረ አጥንት እንዴት ይጠገናል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



በደጋው አገራችን፥ በወገራም ሆነ በስሜን፥ ከገደል ወይም ከበቅሎ ወድቆ የተሰበረ ሰው ወዲያው ወጌሻ ይጠራለታል። ወጌሻው አጥንቱን አቃንቶ በቀርከሃ ስንጥቅ ያስረዋል። ሰውየው ሲድንም «ወጌሻው ጠገነው» ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ለመናገር የተነሣሁት በደማችን ውስጥ ስላለው ወጌሻ ነው።

ደም በዓይን ሲያዩት አንድ ቀይ ፈሳሽ ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ግን ከቀዩና ከነጩ ሕዋስ ሌላ ፕላትሌት የሚባሉ እጅግ ደቃቅ አካላት ይገኙበታል። ደምን በማርጋት ያላቸውን ሥራ በ1882 እ.ኤ.አ. የገለጸው ኢጣልያዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይሆናሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ8 እስከ 10 ቀን ያህል ብቻ ነው። የሚያስደንቀው ነገር፥ የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ መሆኑ ነው። እንግዲህ አጥንት ጠጋኙን ራሱ ይወልዳል ማለት ነው።

አጥንት ሲሰበር የደም ሥሮቹ ይበጠሳሉ። ፕላትሌቶችም ፈጥነው በተበጠሰው ሥር አፍ ላይ ይጣበቁና እርስ በርሳቸው ተያይዘው ደሙን ይገድባሉ። ፋይብሪን የሚባል ክር እንደ መረብ ሆኖ ያጸናቸዋል። ሥራቸው ግን በዚህ አያበቃም። በውስጣቸው የያዙትን የእድገት ንጥረ ነገር አፍስሰው ጠጋኝ ሕዋሳትን ይጠራሉ። እነዚህም የረጋውን ደም መሠረት አድርገው በመጀመሪያ ለስላሳውን፥ ከሳምንታት በኋላም ጠንካራውን አጥንት ይሠራሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የረጋው ደም መሠረት ከሆነ፥ ስብራትን በቅቤ እያሹ ማንቀሳቀስ መሠረቱን ማናጋት ነው። ስለዚህ ወጌሻው እንዳይነቃነቅ ብሎ መደገፉ ደግ ሥራ ነው። ሁለተኛ፥ ማሰሪያው ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደም አያልፍም፤ ደም ካላለፈም ጠጋኙ አይደርስም፤ ሥጋውም ይሞታል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ብዙዎች ናቸው።

ስለዚህ የታሰረ ሰው ጣቱ ከቀዘቀዘ፥ ከደነዘዘ፥ ካበጠ ወይም ከጠቆረ፥ ነገ ሳይባል ማሰሪያው ይፈታ፤ ታማሚውም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች መማሪያ ናት፤ በደጃችን ያለውን ዕውቀት አለመጠቀም ያሳዝናል።

ጓደኞቼ ሆይ! ወጌሻውን እንናቀው አልልም፤ የተማርነውን እንንገረው እንጂ። ወደየመንደራችን ስንመለስ «አባቴ፥ ጥቂት ላላ ያድርጉት» ለማለት አንፈር። ይህች አንዲት ቃል የአንድ ልጅ እጅ ታድናለች።