አባል ማለት ምን ማለት ነው?

 

እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን መጻፍ ችላችኋል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስማችሁን ወዴት ትጽፉታላችሁ? ብዙ ጊዜ የሰው ስም የሚጻፈው በማኅበር መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ መሰብሰብ ቃላት እንነጋገራለን። ቃሉን ያላወቀ ሰው ዕዳውን አያውቅምና።

በደብረ ታቦር ዙሪያና በጉና ተራራ ሥር ያለ ገበሬ ብቻውን አይኖርም። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ደጋው ብርድ ነው። ገብሱ ሲደርስ ቶሎ መታጨድ አለበት፤ ድንቹም በጊዜው መኮትኮት አለበት። ይህን ለማድረግ ሰው ሰውን ይጠራል። ይሁን እንጂ ጥሪው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ደቦ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለ ሥራው ይጠራል፤ እህል ውኃውን ያሰናዳል፤ ጎረቤት ግር ብሎ ወጥቶ ይሠራለታል። ወንፈል ግን ሌላ ነው። ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ ነው። ቀን በቀን ይመለሳል። በደቦ ረድታችሁት የነበረ ሰው በእናንተ ደቦ ላይ ቢቀር ነገሩ ወቀሳ ነው። በወንፈል የቀረ ሰው ግን ዕዳ አለበት። እንግዲህ ሁለቱም እርሻ ላይ መሰብሰብ ናቸው፤ ቃላቸው ግን ተለያየ።

ወደ እቁብ እንምጣ። በቁጥር እንየው። 20 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ ስንት ይሆናል? 10,000 ብር ይሆናል። እጣው በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 10,000 ብር ይወስዳል። እሱ የጣለው ግን ገና 500 ብር ነው። ስለዚህ 9,500 ብር ይቀርበታል። ለዚህ ነው እቁብ ዋስ የሚጠይቀው። ወዳጃችሁ መጥቶ "እዚች ላይ ብቻ ፈርምልኝ" ቢላችሁ፣ የምትፈርሙት ለ9,500 ብር ሊሆን ይችላል። እሱ ካልከፈለ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አንብቡት። ማንበብ ወዳጅን መጠራጠር አይደለም።

እድር ደግሞ ከእቁብ ይለያል። አንዳንድ አገር ቅሬ ይሉታል። የእድር መዋጮ ተራ ጠብቆ አይመለስላችሁም። ሐዘን ለደረሰበት ቤት ይውላል። "የእኔ ቤት ሐዘን ስላልገባ ገንዘቤን መልሱልኝ" አይባልም። አንዱ ለሌላው ክፉ ቀን ያስቀመጠው ገንዘብ ነውና።

በትእዛዝ መሰብሰብም አለ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባለው ስፍራ፣ ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. ያን መድፍ ብዙ መቶ ሰዎች ሆነው፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ወራት ፈጅተው እስከ መቅደላ ጎትተውታል። እነዚያ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ነገር ግን የተሰበሰቡት በንጉሥ ትእዛዝ ነው፤ ደንቡን መክረው አልገቡበትም። ስለዚህ መሰብሰብና አባል መሆን አንድ አይደሉም።

አባል ለመሆን ሰው ፈቅዶ ይገባል። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ አውራ አምባ የሚባል መንደር አለ። ዙምራ ኑሩና ጓደኞቻቸው በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ነው። ሥራ የወንድ፣ ሥራ የሴት ተብሎ አይለይ አሉ። ወንዱ እንጀራ ጋገረ፤ ሴቷ በሬ ጠምዳ አረሰች። ለአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሠሩ። ይህን ደንብ የተቀበለ ሰው ከእነሱ ጋር ኖረ።

አሁን ደግሞ ከውጭ ቋንቋ የመጡትን ቃላት እንይ። ከተማ ወጣ ብትሉ በየሰሌዳው ላይ ኮሚቴ፣ ክለብ፣ ዩኒየን የሚል ታነባላችሁ። አትፍሯቸው።

ኮሚቴ፦ የቃሉ ሥር አደራ መስጠት ማለት ነው። ኮሚቴ ማለት እንግዲህ አደራ የተሰጣቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ኮሚቴውን ስለ ሒሳቡ ብትጠይቁት ድፍረት አይደለም። አደራ ሰጪው እናንተ ናችሁ።

ክለብ፦ በእንግሊዝኛ የሰዎች ስብስብ ማለት ነው። ይኸው ቃል ቆመጥ ማለትም ነው። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት "ክለብ ገባሁ" ብለው ሲመጡ የፊተኛውን ማለታቸው ነውና አትደንግጡ።

ዩኒየን፦ ሥሩ አንድ መሆን ነው። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተባብረው ሲደራጁ ዩኒየን ይባላሉ። በኅብረት ሥራ ማኅበር ደረሰኝ ላይ "እጣ" የሚል ብታነቡ የእቁብ እጣ አይምሰላችሁ። እዚያ እጣ ማለት ከማኅበሩ ሀብት የገዛችሁት ድርሻ ነው። ብዙ እጣ ያለውም ጥቂት ያለውም ሲመርጥ ድምፁ አንድ ነው።

በመጨረሻ አባል የሚለውን ቃል እንመልከት። አ፣ ባ፣ ል። ሦስት ፊደል ነው። አባል በግእዝ የአካል ክፍል ማለት ነው፤ እንደ እጅ፣ እንደ እግር። እንግሊዞችም አባልን ሜምበር ይላሉ። የእነሱም ቃል ሥሩ እጅና እግር ማለት ነው። ሁለት የተራራቁ ቋንቋዎች አንድ ነገር አሉ። እጅ ሲታመም ሰውነት ሁሉ ያማል። አካሉ ሲራብም እጅ ብቻውን አይጠግብም። ማኅበር ውስጥ መግባትም እንዲሁ ነው። እናንተ ሌላውን ትሸከማላችሁ፤ ሌላውም እናንተን ይሸከማል።

ሞፈርና ቀንበርን የሚያያይዘው ምራን ነው። ሰውንና ሰውን በማኅበር የሚያያይዘው ደግሞ ደንቡ ነው። ምራኑን ሳያይ በሬ የሚጠምድ ገበሬ የለም። እናንተም ደንቡን ሳታነቡ አትፈርሙ። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ።

1. ምን እሰጣለሁ? በየስንት ጊዜው?
2. ምን አገኛለሁ? መቼ?
3. አደራው በማን እጅ ነው? ሒሳቡን ማን ያየዋል?
4. መውጣት ብፈልግ እንዴት እወጣለሁ?

መልሱ ደንቡ ላይ ከሌለ ይጻፍ በሉ። "ሁሉም ያውቀዋል" ቢሏችሁም ይጻፍ በሉ። ያልተጻፈ ነገር ክርክር ሲነሣ በየሰዉ አፍ ይለያያልና።

ለዛሬ ማታ ሥራ እንስጣችሁ። የገባችሁበትን እድር ወይም እቁብ ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ከሥሩ የአራቱን ጥያቄዎች መልስ ጻፉ። መልሱን የማታውቁት ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥታችሁ ጠይቁ። ጎረቤታችሁ ማንበብ ካልቻለም ደንቡን አንብቡለት።

በሉ፣ በደህና ሰንብቱ።